ብረት በዝናብ አያብጥም፦ የመኪና መግቢያ በራችሁን ከማስቆረጣችሁ በፊት

ደሴ ክረምት ሲገባ ከየግቢው የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ሰውየው ጠዋት መኪናውን ሊያወጣ በሩን ይገፋል፣ ላሜራው ከሲሚንቶው ጋር እየተፋጨ ይጮኻል፣ ከዚያ አንድ የትከሻ ግፊያ፣ ከዚያ ስድብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐምሌ ላይ ተራው የኔ ሆነ። በያጅ ጠራሁ። ልጁ መጣ፣ ሁለቴ ከፈት ዘጋ አደረገና "አብሽር ጋሼ፣ ዝናቡ አሳብጦት ነው፤ ከታች ሁለት ሴንቲ እናነሳለታለን" አለኝ። ግራይንደሩን ሰካ፣ ቆረጠ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። በሩም እንደ ልብ ተከፈተ። ደስ አለኝ።

ጥር ሲመጣ በሩ መልሶ ከፍ አለ። ከሥሩ የጎረቤት ድመት ብቻ ሳትሆን እሷን የሚያባርረው ውሻም ሾልኮ መግባት ጀመረ። በቀጣዩ ሐምሌ ደግሞ ያው በር፣ ሁለት ሴንቲ የተነሳለት በር፣ እንደገና ሲሚንቶ ነካ። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት።

ብረት ውሃ ጠጥቶ አያብጥም። የእንጨት በር ያብጣል፣ እሱ እውነት ነው። ብረት ግን ሙቀት ነው የሚያረዝመው፣ እሱም ለዓይን በማይሞላ መጠን። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው 0.012 ሚሊ ሜትር ነው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ተካፋች (የበሩ አንድ ክንፍ) ከደሴ የንጋት ብርድ ተነስቶ በቀትር ፀሐይ 30 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ ጭማሪው አንድ ሚሊ አይሞላም። ሁለት ሴንቲ ከየት መጣ ታዲያ? ከመሬቱ። ጭቃነት ያለው አፈር፣ በተለይ መረሬ፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኛ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ተዳፋት ላይ ነው ያለነው፣ በልጉም ክረምቱም የሚያዘንብበት አገር፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ በየግቢያችን ሥር የሚያልፍበት። አምዱ ይንቀሳቀሳል፣ በሩ ይከተለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሩን ተዉትና አምዱን እዩ።

ቱንቢ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ሲባጎ ጫፍ ላይ አንድ ከባድ ዳዶ እሰሩና አምዱ አናት ላይ ከሚስማር አንጠልጥሉት። ነፋስ ካስቸገራችሁ ዳዶውን ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ ወዲያው ይረጋል። ከዚያ ላይና ታች ከሲባጎው እስከ አምዱ ያለውን ክፍተት ለኩ። እኩል ከሆነ አምዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካልሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ትንሽ ዝንባሌ እንዳትንቁ። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 1.6 ሜትር ካለ፣ የላይኛው አንድ ሴንቲ ብቻ ወደ መሃል ሲያጋድል የ2 ሜትር ተካፋች ጫፍ አንድ ሴንቲ ከሩብ ይወርዳል። አምዱ ላይ በዓይን የማይታየው ነገር የበሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሲሚንቶ ይፈጫል።

አምዱ ደህና ከሆነ ተካፋቹን ራሱን ለኩት። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ሁለቱንም አግድሞሽ። ሁለቱ እኩል ከመጡ ፍሬሙ አልተጣመመም፣ ችግሩ ማጠፊያው ላይ ነው። ከተለያዩ ፍሬሙ ጎብጧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በሩን ኮምቦልቻ አሠርታችሁ በአይሱዙ የሀረጎን ዳገት አቁርጣችሁ ካመጣችሁት፣ ገና ሳይሰቀል ለኩት። ገመድ ተጠብቆ የታሰረ ቀጭን ፍሬም በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ መጥቶ ካሬ ሆኖ ይደርሳል ብላችሁ አትመኑ። ተሰቅሎ ከተቀባ በኋላ ማን እንዳጎበጠው አይታወቅም።

ማጠፊያው ምን እንደሚሸከም ብታውቁ ታዝኑለታላችሁ። 1.5 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። 2 ሜትር በ2.20 የሆነ አንድ ተካፋች ላሜራው ብቻ ከ50 ኪሎ ያልፋል፤ ቱቦላሬው፣ ጌጡ፣ ቁልፉ ሲጨመር 80 ላይ ብናስበው አልተጋነነም። ይህ ሁሉ ክብደት በአንድ ጎኑ ነው የተንጠለጠለው። ስለዚህ ወደ ታች መጫኑ ሳያንስ የላይኛውን ማጠፊያ በ50 ኪሎ ገደማ ጉልበት ወደ መሃል ይስበዋል፣ የታችኛውን ወደ አምዱ ይገፋዋል። ቀንና ሌሊት። ልጅ ተንጠልጥሎበት ሲወዛወዝማ አስቡት። (የኛዎቹ ይወዛወዛሉ። ስንት ጊዜ ተናግሬ!)

የኔ በር ችግር አምዱ ነበር። አምዱን ያጋደለው ደግሞ፣ ስናገር ያሳፍረኛል፣ የራሴ አሸንዳ ነው። የቤቱን ግማሽ ጣሪያ ውሃ ሰብስቦ የሚያወርደው ቱቦ ልክ አምዱ እግር ሥር ነበር የሚተፋው። ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፋለሁ፣ አንድ ቀን አላየሁትም። በዶማ ግማሽ ሜትር ስቆፍር አፈሩ እንደ ሊጥ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ሌላው አምድ ጋ ስቆፍር ግን ዶማው ይነጥር ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ውሃውን አባርሩ። ቱቦውን አስረዝማችሁ ወደ ቦይ ውሰዱት፣ በአምዱ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጉት፣ ከላይኛው ግቢ የሚመጣ ውሃ ካለ ከበሩ በላይ በኩል ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት። ሆጤ ወይም ዳገቱ ላይ ያላችሁ ይህን ካልሠራችሁ ሌላውን አትጀምሩት፣ ገንዘብ መበተን ነው።

ውሃው ከሄደ በኋላ አንድ በጋ ጠብቃችሁ አምዱን እንደገና ለኩት። ብዙ ካላጋደለ ማጠፊያውን ማስተካከል ይበቃል። በጣም ካጋደለ ግን ልስን መለጠፍ ዋጋ የለውም፤ ተካፋቹን አውርዳችሁ እግሩን ቆፍራችሁ እንደገና ማቆም ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ 40 ሴንቲ መሠረት የትም አያደርስም፣ አንድ ሜትር ገደማ ውረዱ። አቅም ካላችሁ ሁለቱን አምዶች ከመሬት በታች በግሬድ ቢም (ፌሮ በገባበት የአርማታ አግዳሚ) አያይዟቸው። ያኔ ቢንቀሳቀሱም አብረው ነው፣ ክፍተታቸው አይለወጥም፣ በሩም አያውቀውም። እኔ ከዚህ ሁሉ ወጪ የተጸጸትኩበት የለም፣ ለግሬድ ቢሙ ያወጣሁትን ጨምሮ። አርማታውን ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጡት፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚመጣው በ28 ቀን ነውና በሩን ለመስቀል አትቸኩሉ። በመሃል በሩን በቆርቆሮና በእንጨት መዝጋት ነው፣ ምን ይደረግ።

ማጠፊያው ብቻ የበላ ከሆነ ግን በግማሽ ቀን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። አብዛኛው የግቢ በራችን ያለው ጥይት የሚመስለው ማጠፊያ ነው፤ ታችኛው ዘንግ አለው፣ ላይኛው ከላዩ ይጠልቃል። ዘንጉ ዓመታት ሲፈጭ ያጥራል፣ በሩ በዚያው ልክ ይወርዳል። የመኪናችሁን ክሪክ ከተካፋቹ ሥር በማጠፊያው በኩል አስገቡ፣ መሃሉ ላይ ጣውላ አድርጉ፣ አንድ ሰው በሩን ደግፎ ይያዝ። ቀስ እያላችሁ አንሱ። ላይኛው ከዘንጉ ሲወጣ ውስጡን በጨርቅና በነጭ ጋዝ ጥረጉት። የሚወጣው ጥቁር ቅባት ሳይሆን ጥቁር አሸዋ ነው፣ በጣታችሁ ብታሹት ያከረክራል። እሱ ነው ብረቱን የበላው። አጽዱት፣ ግራሶ ሙሉ፣ ዘንጉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሮንዴላ ጨምሩ፣ መልሱት። ሁለቱም ማጠፊያ ላይ እኩል ውፍረት ጨምሩ፣ አለበለዚያ አንዱ ብቻውን ይሸከማል። ሦስት አራት ሚሊ ትመልሳላችሁ። ብዙ ጊዜ እሱ ይበቃል።

የተቃጠለ ዘይት የምታፈሱ ሰዎች ግን ተዉ። ዘይቱ በሦስት ቀን ይወርድና አቧራውን ይዞ ይቀራል። ግራሶ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ግንቦት አንዴ መስከረም፣ አለቀ።

ፍሬሙ የጎበጠ እንደሆነ አግድሞሽ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አቅጣጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠንካራ ቱቦላሬ ከሆነ ከታችኛው ማጠፊያ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ላይኛው ነፃ ጫፍ ይወጣል፤ ከሥር ሆኖ ይሸከማል። ሽቦ ገመድ ከሆነ ግን በተቃራኒው፣ ከላይኛው ማጠፊያ ማዕዘን ወደ ታችኛው ነፃ ጫፍ፤ ገመድ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም። ከመበየዱ በፊት ክሪኩን ከነፃው ጫፍ ሥር አስገብታችሁ ሁለቱ አግድሞሾች እኩል እስኪሆኑ አንሱት፣ ከዚያ ይበየድ።

ስለ ብየዳው ካነሳን፦ በያጁ ማሳውን (የመበየጃውን መመለሻ ገመድ) የት እንደሚያስር እዩት። አምዱ ላይ አስሮ ተካፋቹን ከበየደ ኤሌክትሪኩ በማጠፊያው ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ኩሽኔታ ካለው ያቃጥለዋል። ማሳው የሚበየደው ብረት ላይ፣ አጠገቡ ይታሰር። በሩ ሞተር ካለው መጀመሪያ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ካርድ ይነቀል። ነጭ ዚንክ የተነከረ ብረት ከሆነ ዚንኩ ይፈግፈግ፣ ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ወተት ጠጥቼበታለሁ ማለትም አያድንም። ልጆችን ደግሞ አርቁ። ብየዳ ዓይን ሲመታ ወዲያው አይታወቅም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው አሸዋ የተሞላ መስሎ የሚያስለቅሰው።

አሁን ወደ ዝገቱ። በራችን ከላይ ሲታይ ያማረ ሆኖ ከታች የሚበሰብሰው ለምን ይመስላችኋል? እኔም ከውጭ በሚረጨው ጭቃ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት የታችኛውን ቱቦላሬ በመዶሻ ቸብ ሳደርገው ባዶ ቱቦ የሚሰጠውን ድምፅ አልሰጠም፣ ደፈን ያለ ነው። በትራፓኖ ከሥሩ 8 ሚሊ ቀዳዳ በሳሁ። መጀመሪያ ጠብ አላለም። ከዚያ ዝገት የመሰለ ውሃ፣ ቡና ካልተጣራበት ጀበና እንደሚቀዳው ዓይነት፣ መፍሰስ ጀመረ። ጆግ አቀረብኩለት። ግማሽ ሞላው። ውሃው በላሜራውና በቱቦው ስፌት እየሰረገ ለዓመታት እዚያ ተቀምጧል። በሩን ውጭውን እየቀባሁ ውስጡን ሳበሰብስ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ አዲስ በር የምታሠሩ ከሆነ በያጁን ሁለት ነገር ጠይቁት። የታችኛው ቱቦ ከሥር በየ40 ሴንቲው ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። የላይኛው ቱቦ ደግሞ ጫፎቹ ድፍን ተደርገው ይበየዱ። አሮጌ ከሆነ ራሳችሁ ብሱት። ከዚያ ልቅ የሆነውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ እስኪለቅ ፈግፍጉ፣ በተለይ ላሜራው ከቱቦው የሚገናኝበትን፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እዚያ ጋ ነው ላሜራውን እያበጠ የሚያስለቅቀው። (በሩ ላይ የሚያብጥ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።) አቧራውን ጥረጉ፣ አንቲረስት በዚያው ቀን ቀቡ። ባዶ ብረት ደሴ ጉም ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት ብታዩት ቀልቷል። ቀለሙን ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ረፋድ ላይ ጀምሩ፣ ሁለት እጅ፣ በመሃሉ በደንብ ይድረቅ። ጥሩ ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከኛ ዝቅ ስለምትሉ ጉሙ ያን ያህል አያስቸግራችሁም፣ ፀሐዩ ግን ቀለም ይበላል፤ ጥቁር ቀለም ከመረጣችሁ ላሜራው በቀትር እጅ አያስነካም፣ እኔ ብሆን ፈካ ያለ እመርጣለሁ።

ተንሸራታች በር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፤ ሀዲዱ። ጠጠር ይገባበታል፣ ጎማው ይዘላል፣ ሰው በኃይል ይገፋል። በሳምንት አንዴ በመጥረጊያ ጥረጉት፣ ሀዲዱን ግራሶ አትቀቡ፣ አሸዋ ማጥመጃ ነው የሚሆነው። ግራሶ የሚያስፈልገው የጎማው ኩሽኔታ ብቻ ነው፣ ድፍን ኩሽኔታ ከሆነ እሱም አያስፈልገው። አንዱ ጎማ ሲንኳኳ ሁለቱንም ቀይሩ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ተንሸራታች በር የሚቆመው ከላይ በሚይዙት ድጋፎች ብቻ ነው። ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ከመጨረሻው ድጋፍ ካለፈ የሚያቆመው የለም፣ ከነሙሉ ክብደቱ ይወድቃል። በሩን በአብዛኛው የሚገፋው ደግሞ ልጅ ነው። አሁኑኑ ሂዱና እዩ፤ በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ አለ? አርማታ ውስጥ የገባ ነው ወይስ በሁለት ነጥብ የተበየደ ፌሮ? ሙሉ ጉልበታችሁን አውጥታችሁ በሩን ስትገፉት የሚነቃነቅ ማቆሚያ ማቆሚያ አይደለም። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ይሄ ዛሬ ይሠራ።

ወደ ላይ የሚጠቀለል ሸተር ጋራዥ ላይ ያደረጋችሁ ሰዎች ጎንና ጎን ያለውን ካናል በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ሻማ እሹበት፣ አቧራ አይይዝም። ከላይ ዘንጉ ውስጥ ያለውን ሞላ ግን አትንኩት። ተወጥሮ ነው የሚኖረው፣ ብሎኑ ሲላላ የሚመጣበት ፍጥነት ክንድ ይሰብራል። ሸተሩ ድንገት ከከበዳችሁ ሞላው ተሰብሯል ማለት ነው፤ ሥር አትቁሙ፣ ሙያው ያለውን ጥሩ።

ቁልፍ ላይ አጭር ነገር፦ ቁልፉ አልገባ ሲላችሁ ዘይት አታንጠባጥቡ። የልጆቹን እርሳስ ውሰዱ፣ ጥቁሩን ፈግፍጋችሁ ዱቄቱን ቁልፉ ጥርስ ላይ ቀቡ፣ ሦስት አራት ጊዜ አስገቡ አውጡ። ይሠራል።

ሞተር ማስገባት የሚያምራችሁ ብዙ ናችሁ፣ ዝናብ ላይ ከመኪና አለመውረድን ማን ይጠላል። ግን ፈተናው ይሄ ነው፦ በሩን በአንድ እጅ፣ ሳትታገሉ፣ ከጫፍ ጫፍ መግፋት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ሞተሩም አይችልም። አንድ ዓመት ይንገታገትና ይሞታል። መጀመሪያ ከላይ ያልኳችሁን ጨርሱ።

ተካፋች በር ላይ ሞተር የምትገጥሙ ነፋሱንም አስቡት። ድፍን ላሜራ ሸራ ማለት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 4.4 ካሬ ሜትር ተካፋች ላይ ከ20 ኪሎ በላይ ግፊት ያሳርፋል፣ ያ ሁሉ ሞተሩ ክንድ ላይ ነው። የላይኛውን ሲሶ ፍርግርግ ብታደርጉት ይቀላል፣ ያምራልም። መብራት ሲጠፋ በእጅ መክፈቻ ቁልፉ የት እንዳለ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ፤ ውስጥ በኩል ብቻ የሚለቀቅ ከሆነና ሌላ መግቢያ በር ከሌላችሁ ውጭ ማደር አለ። ባትሪ የሚቀበል ሞተር ትንሽ ቢወደድም እሱን ውሰዱ። የበሩን መዝጊያ መስመር የሚጠብቁትን ሁለቱን ትንንሽ ዓይኖች "ትርፍ ነው" የሚላችሁ ገጣሚ ካለ ሌላ ፈልጉ። ከተገጠመ በኋላ በሩ እየዘጋ ሳለ በመጥረጊያ እንጨት መስመሩን ቁረጡት፣ ወዲያው መቆም ወይም መመለስ አለበት። የ220 ቮልት መስመሩን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት፣ በቱቦ ውስጥ ይቀበር፣ የራሱ ማቋረጫ ይኑረው፣ ኧርዙ ይታሰር።

ሞተሩ እምም እያለ ካልዞረ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ ነው፣ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሙሉ ሞተር ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው እንዳያታልላችሁ። ግን ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ይመታል፣ ራሳችሁ እጅ አትስደዱበት። ሪሞቱ እንቢ ካለ ደግሞ ከምንም በፊት ባትሪውን ቀይሩ። እኔ ባለሙያ ጠርቼ፣ ከሰኞ ገበያ ድረስ አስመጥቼ፣ ሰውየው ኪሱ ውስጥ ከነበረው ሪሞት ባትሪ አውጥቶ ከተተና ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ለሻይዋ እንኳን ራሱ ሊከፍል ነበር።

ሲባጎው አሁንም አምዱ ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥሏል። ዳዶውን ልጆቹ ሁለቴ ወስደውብኛል፣ በሌላ ተክቻለሁ። ባለፈው ሐምሌ 3 ሚሊ አሳየኝ፣ ጥር ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ 5 ካለፈ እንደገና ዶማ አነሳለሁ። በያጁ ያነሳውን ሁለት ሴንቲ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቆረጥኩት ዘርፍ ሞልቼዋለሁ፣ በአራት ብሎን። ውሻው ቀርቷል። ድመቷ አሁን በአጥር ነው የምትገባው።